የጃዝ ፒያኖ ቮይሲንግ አመራረጥና ኮርድን በጆሮ ማውጣት

ወረቀት ላይ የተጻፈ «ሲ ሜጀር 7» የሚል የኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ምልክት የሚነግረን ሲ፣ ኢ፣ ጂ እና ቢ የሚባሉ አራት ኖታዎች እንዳሉ ብቻ ነው። የትኛው ከታች እንደሚሆን፣ የትኛው ከላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ጭራሽ እንደሚቀር አይናገርም። ይህን የመወሰን ሥራ ነው ቮይሲንግ የሚሉት። ያንኑ ምልክት ጀማሪውም አዋቂውም እኩል ያነቡታል፤ ከፒያኖው የሚወጣው ድምፅ ግን አይገናኝም።

ብዙ ተማሪ ኮርድ መሥራትንና ኮርድ መስማትን ለየብቻ ይለማመዳል። ጠዋት ቮይሲንግ ይሸመድዳል፣ ማታ በስልክ መተግበሪያ ጆሮውን ያሠለጥናል፤ ሁለቱ ግን ሳይገናኙ ዓመት ያልፋል። ቅደም ተከተላቸው ግን አንድ ነው። ኮርድ ሲሠራ መጀመሪያ ቤዙ (ታችኛው ኖታ)፣ ከዚያ ኮርዱ ከተሰየመበት ኖታ ሲቆጠር 3ኛውና 7ኛው፣ ከዚያ ላይኛው ኖታ፣ መጨረሻ ላይ መሀሉ ይወሰናል። ከቅጂ ላይ ኮርድ ሲወጣም ተራው ይኸው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ በጣት ብቻ ሳይሆን በድምፃችሁም ሥሩት።

ስለ አጻጻፉ፦ እዚህ ኖታዎቹን የምንጠራው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ እያልን ነው፤ በዶ ሬ ሚ የለመደ ሰው «ሲ» ስንል ዶን ማለታችን መሆኑን ይያዝ። በሰረዝ የተያያዙ ኖታዎች ሁሌም ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ። «ግማሽ ድምፅ» ማለት ነጭ ይሁን ጥቁር ሳይለይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፤ «ሙሉ ድምፅ» ደግሞ ሁለት ግማሽ ድምፅ ነው። «ፍላት» ኖታው በግማሽ ድምፅ ወርዷል፣ «ሻርፕ» በግማሽ ድምፅ ወጥቷል ማለት ነው። ኮርዱ የተሰየመበትን ኖታ «ሩት» እንለዋለን፤ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ የምንለው ከሩቱ ጀምረን ስንቆጥር ነው። ያው ኖታ በስሙ ተመልሶ የሚመጣበት ርቀት «ኦክታቭ» ነው፤ 9ኛ፣ 11ኛና 13ኛ ከኦክታቭ በላይ የተቆጠሩ 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ ናቸው።

መጀመሪያ ሁለቱ ኖታዎች

የኮርድን ባሕርይ የሚወስኑት 3ኛውና 7ኛው ናቸው። 3ኛው ሜጀር ወይም ማይነር መሆኑን ይናገራል፤ 7ኛው ደግሞ ኮርዱ ያረፈ ነው ወይስ ወደ ሌላ የሚገፋ የሚለውን። 5ኛው ብዙ አይጨምርም፤ ዝቅ ወይም ከፍ ካላለ በቀር ቢቀር የሚያጎድለው የለም። ሩቱም ቤዝ የሚጫወት ሰው ካለ ይቀራል።

በጃዝ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታገኙት ጉዞ በስኬሉ 2ኛ ኖታ ላይ ከተሠራው ኮርድ ወደ 5ኛው፣ ከ5ኛው ወደ 1ኛው የሚሄደው ነው። በሲ ኪይ (ሲን 1ኛ አድርገን ስንቆጥር)፦ ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7። የሦስቱን 3ኛና 7ኛ ብቻ በቀኝ እጅ ተጫወቱ፦

ዲ ማይነር 7፦ ኤፍ–ሲ
ጂ 7፦ ኤፍ–ቢ
ሲ ሜጀር 7፦ ኢ–ቢ

ጣታችሁ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ አስተውሉ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ኤፍ ባለበት ሆኖ ሲ በግማሽ ድምፅ ወደ ቢ ወረደ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ቢ ባለበት ሆኖ ኤፍ ወደ ኢ ወረደ። የአንዱ 7ኛ ሁሌም ለቀጣዩ 3ኛ ቦታ ይለቃል፤ የአንዱ 3ኛ ደግሞ ሳይነቃነቅ የቀጣዩ 7ኛ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምትማሩት ቮይሲንግ ሁሉ በዚህ አጥንት ላይ የሚለብስ ሥጋ ነው።

አሁን ግራ እጃችሁ ሩቶቹን (ዲ፣ ጂ፣ ሲ) ይያዝ፤ ቀኝ እጃችሁ ሁለቱን ኖታዎች ይጫወት፤ እናንተ ደግሞ የሚወርደውን ድምፅ ዘምሩ፦ ሲ… ቢ… ቢ። ከዚያ ሌላውን፦ ኤፍ… ኤፍ… ኢ። ሳይዘምሩ መቀጠል ይቻላል፤ ግን በኋላ ከቅጂ ላይ ኮርድ ስታወጡ የሚፈለገው ጆሮ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ሌሎች ኪዮች ለመውሰድ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ሲ ሜጀር 7 ላይ ስትደርሱ ኢና ቢን ሁለቱንም በግማሽ ድምፅ አውርዷቸው፤ ኢ ፍላት–ቢ ፍላት ይሆናሉ፣ ማለትም ሲ ማይነር 7። ይህ የቢ ፍላት ኪይ 2ኛ ኮርድ ነው። በመቀጠል ኤፍ 7 (ኢ ፍላት–ኤ)፣ ቢ ፍላት ሜጀር 7 (ዲ–ኤ)። እንዲህ በሙሉ ድምፅ እየወረዳችሁ ስድስት ኪይ ትዞራላችሁ፦ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ጂ ፍላት፣ ኢ፣ ዲ። ቀሪዎቹን ስድስት ከቢ ጀምራችሁ በዚያው መንገድ ዙሩ። እጃችሁ በጣም ሲወርድ ታችኛውን ኖታ በአንድ ኦክታቭ ወደ ላይ አንሡትና ቀጥሉ። ሜትሮኖም በ60፣ ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ምት። በሲ ኪይ ብቻ አምስት ዓይነት ቮይሲንግ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ ይህን አንዱን በ12ቱም ኪይ የሚያውቅ ይሻላል።

አንድ ቀለም መጨመር

ግራ እጅ ሩቱን፣ ቀኝ እጅ ሦስት ኖታ ሲይዝ ሙሉ የጃዝ ድምፅ ይወጣል፦

ዲ ማይነር 9፦ በግራ ዲ፣ በቀኝ ኤፍ–ሲ–ኢ
ጂ 13፦ በግራ ጂ፣ በቀኝ ኤፍ–ቢ–ኢ
ሲ ሜጀር 9፦ በግራ ሲ፣ በቀኝ ኢ–ቢ–ዲ

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የቀኝ እጅ አንድ ጣት ብቻ ተንቀሳቀሰ። ላይ ያለው ኢ ለዲ 9ኛ፣ ለጂ ደግሞ 13ኛ ነው፤ ከታች ያለው ሩት ሲቀየር የራሱ ትርጉም ተቀየረ። ለብቻ ለሚጫወት ወይም ዘፋኝ ለሚያጅብ ሰው ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም። ሌሎቹን ለመማር ሳትቸኩሉ ጥቂት ሳምንታት እዚህ ላይ ቆዩ።

ቀኝ እጅ ዜማ ሲይዝ ደግሞ ግራ እጅ ሁለት ኖታ ብቻ ይበቃዋል፤ ሩትና 7ኛ ወይም ሩትና 3ኛ። ይህን አያያዝ ከፒያኒስቱ ባድ ፓወል ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። በሲ ኪይ፦ ዲ–ሲ፣ ከዚያ ጂ–ቢ፣ ከዚያ ሲ–ቢ። ሩቱ ይዘላል፤ ላይኛው ድምፅ ግን ከሲ ወደ ቢ ወርዶ እዚያው ይቆያል።

የከፍታ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ጀማሪ «ኮርዴ ይጨልማል» ሲል ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የኖታ ምርጫ ሳይሆን ቦታ ነው። ከመካከለኛው ሲ ሁለት ኦክታቭ በታች ያለው ሲ በሴኮንድ ወደ 65 ጊዜ ይርገበገባል፤ ከላዩ ያለው ኢ ወደ 82 ጊዜ። ልዩነቱ 17 ያህል ብቻ ስለሆነ ጆሮ ሁለት ኖታ ሳይሆን አንድ የሚንቀጠቀጥ ሻካራ ድምፅ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ያው ሲና ኢ መካከለኛው ሲ ላይ ሲሆኑ 262 እና 330 ናቸው፤ እዚያ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ስለዚህ ከመካከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ በታች ካለው ሲ ዝቅ ስትሉ ሰፊ ርቀት ብቻ ተጠቀሙ፦ 5ኛ፣ 7ኛ፣ ኦክታቭ ወይም 10ኛ። ጠባብ የሆኑትን 2ኛና 3ኛ ለመካከለኛው ሲ አካባቢ አቆዩአቸው።

ሩት የሌላቸው የግራ እጅ ቮይሲንጎች

ቤዝ ተጫዋች ካለ ሩቱን መድገም ሥራውን መንጠቅ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፒያኒስቶቹ ቢል ኤቫንስና ዊንተን ኬሊ ሩቱን ትተው 9ኛና 13ኛን በግራ እጅ መያዝን የተለመደ አደረጉት። ሁለት አቀማመጥ አለ።

አንደኛው ሲጀምር 3ኛውን ከታች ያደርጋል፦
ዲ ማይነር 9፦ ኤፍ–ኤ–ሲ–ኢ
ጂ 13፦ ኤፍ–ኤ–ቢ–ኢ
ሲ ሜጀር 9፦ ኢ–ጂ–ቢ–ዲ

ሁለተኛው ሲጀምር 7ኛውን ከታች ያደርጋል፦
ዲ ማይነር 9፦ ሲ–ኢ–ኤፍ–ኤ
ጂ 13፦ ቢ–ኢ–ኤፍ–ኤ
ሲ ሜጀር 9፦ ቢ–ዲ–ኢ–ጂ

የግራ እጅ አጣጣል ለሁሉም ከሞላ ጎደል 5–3–2–1 ነው (1 አውራ ጣት፣ 5 ትንሿ ጣት)። ከሁለቱ የቱን እንደምትይዙ የሚወስነው ጣዕም ሳይሆን ኪዩ ነው። ታችኛው ኖታ ከመካከለኛው ሲ በታች ካለው ዲ በጣም እንዳይወርድ፣ ላይኛውም ከመካከለኛው ሲ በላይ ካለው ጂ ወይም ኤ እንዳያልፍ። በዚህ ክልል ውስጥ የሚገባውን ያዙ። ለምሳሌ በኤፍ ኪይ የመጀመሪያው አቀማመጥ ጂ ማይነር 9ን ከቢ ፍላት አስጀምሮ ከፍ ያደርገዋል፤ ቀኝ እጅ ለዜማ ቦታ ያጣል። ሁለተኛው ይሻላል፦ ኤፍ–ኤ–ቢ ፍላት–ዲ፣ ከዚያ ኢ–ኤ–ቢ ፍላት–ዲ፣ ከዚያ ኢ–ጂ–ኤ–ሲ።

የተለመደው ስሕተት እነዚህን ያለ ቤዝ ለብቻ መለማመድ ነው። ኤፍ–ኤ–ሲ–ኢ ብቻውን ሲሰማ ዲ ማይነር 9 አይደለም፤ ኤፍ ሜጀር 7 ነው። ጆሮ ታችኛውን ኖታ ሩት አድርጎ ይወስዳልና እጃችሁ አንድ ነገር ይማራል፣ ጆሯችሁ ሌላ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ግራ እጅ ቮይሲንጉን ሲይዝ ቀኝ እጅ ተሻግሮ ሩቱን ከታች ይምታ፤ ወይም የቤዝ መስመሩን በስልክ ቅዱና በላዩ ተጫወቱ።

ኤፍ–ኤ–ቢ–ኢን ለአፍታ እንየው። ከስሩ ጂ ስታደርጉ ጂ 13 ነው። ዲ ስታደርጉ ዲ ማይነር 6 ከ9ኛ ጋር። ቢ ስታደርጉ ቢ ማይነር 7 ፍላት 5 ከ11ኛ ጋር። ዲ ፍላት ስታደርጉ ደግሞ ዲ ፍላት 7 ከሻርፕ 9 እና ሻርፕ 5 ጋር። አንድ የእጅ ቅርጽ፣ አራት ኮርድ። አራቱንም ቤዝ እየቀያየራችሁ ተጫወቱና ልዩነቱን ስሙት። «በጆሮ ኮርድ አይወጣልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የላይኛውን ቅርጽ በትክክል ሰምቶ ቤዙን የሳተ ነው።

ከብዙዎቹ አንዱን መምረጥ

ምርጫው ከዜማው ይጀምራል። ለሰሚው ከቮይሲንጉ ጎልቶ የሚወጣው ላይኛው ኖታ ነው፤ ቀኝ እጅ ዜማ ሲጫወት ያ ኖታ ዜማው ራሱ ነው፤ ዘፋኝ ወይም ሳክስፎን ስታጅቡ ደግሞ ከእነሱ ቀጥሎ የሚሰማ ሁለተኛ ዜማ ነው። ስለዚህ ላይኛው ኖታ ከኮርድ ወደ ኮርድ በቅርብ ርምጃ ይሂድ፤ ያለ ምክንያት አይዝለል። ለፈተና የቮይሲንጎቻችሁን ላይኛ ኖታዎች ብቻ በቅደም ተከተል ተጫወቱ። ሊዘመር የማይችል ነገር ከሆነ መሀሉ የቱንም ያህል ቢያምር ቮይሲንጉ አልተሳካም።

ከዜማው ጋር የሚጋጭ ኖታ መጣል ቀጣዩ ነው። ሊጠነቀቁት የሚገባው ርቀት ከኦክታቭ በግማሽ ድምፅ የሚበልጠው፣ ማይነር 9ኛ የሚባለው ነው። ዜማው በሲ ሜጀር 7 ላይ ሲን ከያዘና ከእሱ በታች ቢን ካስቀመጣችሁ፣ ጎን ለጎን ቢሆኑ ይፋጫሉ፣ ኦክታቭ ርቀው ቢሆኑ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ቢን አውጡና ኤን አስገቡ፤ ኮርዱ ሲ 6 ይሆናል፣ ችግሩም ያበቃል። በሜጀር ኮርድ ላይ 4ኛው (በሲ ላይ ኤፍ) የማይመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከታቹ ካለው ኢ ጋር ማይነር 9ኛ ይሠራል። ኤፍ ሻርፕ ግን ያለ ችግር ይቀመጣል። ከሕጉ የሚወጣው ዶሚናንት 7 (እንደ ጂ 7 ያለ ወደ 1ኛ የሚገፋ ኮርድ) ላይ የሚገባው ፍላት 9 ነው፤ እሱ ከሩቱ ጋር መጋጨቱ ራሱ የሚፈለገው ውጥረት ነው።

ከዚያ ኮርዱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ጂ 7 ወደ ሲ ሜጀር የሚሄድ ከሆነ 9ኛውና 13ኛው (ኤ እና ኢ) እንዳሉ ይሁኑ። ወደ ሲ ማይነር ከሆነ ሁለቱም በግማሽ ድምፅ ይውረዱ፤ ኤ ፍላትና ኢ ፍላት ሁለቱም የሲ ማይነር ስኬል ኖታዎች ናቸው። በማይነር ያለው ጉዞ እንዲህ ይሆናል፦

ዲ ማይነር 7 ፍላት 5፦ ኤፍ–ኤ ፍላት–ሲ–ዲ
ጂ 7 ከፍላት 9 እና ፍላት 13 ጋር፦ ኤፍ–ኤ ፍላት–ቢ–ኢ ፍላት
ሲ ማይነር 6 ከ9ኛ ጋር፦ ኢ ፍላት–ጂ–ኤ–ዲ

በሜጀር ዘፈን ውስጥም ፍላት 9ን ለውጥረት ማስገባት ይቻላል፤ ዜማው በዚያ ቅጽበት ኤን ካልያዘ ነው። አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ሶሎ እየወሰደ ከሆነ ደግሞ ቆጠብ በሉ፤ እናንተ ኤ ፍላት ስትይዙ እሱ ኤን ቢጫወት ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ትመስላላችሁ። ምን እንደሚመርጥ እስክትሰሙ ድረስ 3ኛና 7ኛ ብቻ መያዝ አያሳፍርም።

በሁለት እጅ ዶሚናንትን ማስጌጥ ለሚፈልግ አጭር መንገድ አለ። በግራ ኤፍ–ቢ ይዛችሁ በቀኝ ተራ ሜጀር ትራያድ (ባለ ሦስት ኖታ ኮርድ) አስቀምጡ። ኤ ሜጀር 9ኛ፣ ሻርፕ 11 እና 13ኛ ይሰጣል። ኢ ሜጀር 13ኛና ፍላት 9 ይሰጣል። ኢ ፍላት ሜጀር ሻርፕ 9 እና ፍላት 13 ይሰጣል። የመጀመሪያው ብሩህ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ጨለም ያለ ነው።

አንድ ኮርድ ለብዙ ባር (የምቶች ክፍል) በሚቆይበት ሙዚቃ ግን 3ኛና 7ኛን ማሳደድ ፋይዳው ይቀንሳል፤ የሚወርድበት ቦታ የለማ። እዚያ 4ኛን በ4ኛ ላይ መደራረብ ይሠራል። በጣም የታወቀው ምሳሌ በ1959 የተቀዳው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ነው፤ ቢል ኤቫንስ ኢ–ኤ–ዲ–ጂ–ቢን ይጫወትና በሙሉ ድምፅ ወርዶ ዲ–ጂ–ሲ–ኤፍ–ኤ ላይ ያርፋል። ሦስት ንጹሕ 4ኛዎች፣ ከላይ አንድ ሜጀር 3ኛ። ቅርጹን ሳትቀይሩ በስኬሉ ኖታዎች ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ማንሸራሸር ትችላላችሁ። ፒያኒስቱ ማኮይ ታይነር በ1960ዎቹ ይህን የ4ኛ አደራረብ በግራ እጁ እጅግ ርቆ ወስዶታል።

ኮርድን ከቅጂ ላይ ማውጣት

የቅጂ ምርጫ ግማሽ ሥራ ነው። ቤዙ በግልጽ የሚሰማበት፣ ፍጥነቱ መካከለኛ የሆነ ፒያኖ ትሪዮ (ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም) ያዙ። ፒያኒስቱ ሬድ ጋርላንድ ከቤዝ ተጫዋቹ ፖል ቻምበርስ ጋር የሠራቸው ለጀማሪ በጣም ይመቻሉ፤ ቤዙ በአራት ምት ይራመዳል፣ ግራ እጁም በቋሚ ምት ይመታል። የቢል ኤቫንስና የስኮት ላፋሮን የ1961 ቅጂዎች ለኋላ አቆዩአቸው፤ ቤዙ እዚያ ከፒያኖው ጋር ይነጋገራል እንጂ ሩቱን በየባሩ አይሰጣችሁም። ፕሮግራም ካስፈለጋችሁ ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ ከፍታውን ሳይቀይር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፍጥነቱን ሳይቀይር ከፍታውን ይለውጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

1. ፒያኖው ተዘግቶ ዜማውን ሙሉ በሙሉ ዘምሩ። መዝፈን ያልቻላችሁትን ቦታ ጣታችሁ አያገኘውም፤ ይገምታል እንጂ። ፒያኒስቱና አስተማሪው ሌኒ ትሪስታኖ ተማሪዎቹን የቅጂ ሶሎዎችን ከመጫወታቸው በፊት ያዘምራቸው እንደነበር ይታወቃል።

2. መነሻ ኖታውን ያዙ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወይም በማንኛውም ቦታ ስታቆሙት ድምፃችሁ ሊያርፍበት የሚፈልገውን ኖታ አጉረምርሙ፤ ያንን ብቻ ፒያኖ ላይ ፈልጉ። በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ከመሰላችሁ ጆሯችሁን አትጠራጠሩ፤ ቅጂው ራሱ ከልኩ ወጥቶ ይሆናል። «ሶ ዋት» ያለበት «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም የመጀመሪያው ገጽ በቴፕ ማሽኑ ፍጥነት ምክንያት በ1990ዎቹ እስኪታረም ድረስ ከትክክለኛው ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከፍታውን በፕሮግራሙ አስተካክሉት።

3. ባሮችን ቁጠሩና ቅርጹን ለዩ። 12 ባር ከሆነ ብሉዝ ሊሆን ይችላል። 32 ባር ከሆነ ስምንት ስምንት እየሆነ በአራት ይከፈል እንደሆነ፣ የሚደጋገመው የቱ እንደሆነ እዩ። የሚደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ታወጣላችሁ።

4. ቤዙን በየባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ዘምሩ። የሚራመድ ቤዝ ምት አንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሩቱን ይሰጣል፤ ምት አራት ላይ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሩት በግማሽ ድምፅ የሚያስጠጋ ኖታ መጫወት ይወዳል፤ እሱን ሩት ብላችሁ እንዳትይዙት። ቤዙ ከተቀበረ ቅጂውን አንድ ሙሉ ኦክታቭ ከፍ አድርጉት። የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ የቤዙን ዝቅተኛ ድምፅ አያወጣውም።

5. ሩቶቹን በፊደል ሳይሆን በቁጥር ጻፉ። በኪዩ ውስጥ ስንተኛ ናቸው? 2–5–1 ሲታያችሁ ሦስት ኮርድ በአንድ ጊዜ አወጣችሁ ማለት ነው። 1–6–2–5፣ ከ4ኛ ሜጀር ወደ 4ኛ ማይነር ከዚያ ወደ 1ኛ፣ እና 3–6–2–5 ሁሉም ዶሚናንት ሆነው ሁለት ሁለት ባር የሚይዙበት መሸጋገሪያ ደጋግመው ይመጣሉ። ቤዙ በግማሽ ድምፅ ወርዶ መነሻው ላይ ካረፈ፣ ለምሳሌ ዲ–ዲ ፍላት–ሲ፣ መሀል ያለው ጂ 7ን የተካ ዲ ፍላት 7 ሳይሆን አይቀርም። የሁለቱም 3ኛና 7ኛ ኤፍና ቢ ናቸውና ከላይ ባለው ብቻ አይለዩም፤ የሚለያቸው ቤዙ ነው።

6. 3ኛውን ከዚያ 7ኛውን ፈትኑ። ቅጂውን ኮርዱ ላይ አቁሙና ከሩቱ ተነሥታችሁ ወደ 3ኛው ዘምሩ፤ ሜጀሩንም ማይነሩንም ሞክሩ። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይጎረብጣል። 7ኛውን ከላይ ወርዳችሁ ፈልጉት፦ ከሩቱ ግማሽ ድምፅ በታች ከሆነ ሜጀር 7፣ ሙሉ ድምፅ በታች ከሆነ ዶሚናንት ወይም ማይነር 7።

7. የፒያኒስቱን ላይኛ ኖታ ብቻ በሁለት ባር እየደጋገማችሁ ዘምሩ። አሁን ቤዙ፣ 3ኛው፣ 7ኛውና ላይኛው አላችሁ። መሀሉን ከላይ በተማራችኋቸው አቀማመጦች ሙሉት፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ኖታዎቹን አንድ በአንድ ከጭጋግ ውስጥ ለመልቀም መሞከር የብዙዎችን ትዕግሥት የሚጨርሰው ስሕተት ነው።

የየዕለቱ ልምምድ

በቀን 30 ደቂቃ ይበቃል፦ 10 ለቮይሲንግ በ12 ኪይ፣ 15 ለቅጂ፣ 5 ለጆሮ ብቻ። ለመጨረሻው ክፍል 2–5–1 በአንድ ኪይ ተጫወቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ የዚያ ስኬል ኖታ ምቱ። ስሙን ከመገመታችሁ በፊት በድምፃችሁ ወደሚያርፍበት ውሰዱት። 2ኛው ወደ 1ኛ ይወርዳል፣ 4ኛው ወደ 3ኛ፣ 6ኛው ወደ 5ኛ፤ 7ኛው ወደ ላይ ወደ 1ኛ ይወጣል። የሄደበት መንገድ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ርቀቶችን በታወቁ ዘፈኖች መጀመሪያ መሸምደድ ግን ብዙ አያደርስም፤ ያው ሜጀር 3ኛ ከ1ኛ ወደ 3ኛ ሲሆንና ከ5ኛ ወደ 7ኛ ሲሆን የተለየ ስሜት አለው፣ ሙዚቃው እየሄደ ሳለም ዘፈን ለማስታወስ ጊዜ የለም።

ቀለማትን ለመለየት ደግሞ በግራ ጂ፣ ኤፍ እና ቢን ያዙ፤ ጂ ከታች ይሁን። ቀኝ እጅ በላያቸው አንድ አንድ ኖታ ያስቀምጥ፦ ኤ ፍላት (ፍላት 9)፣ ኤ (9)፣ ቢ ፍላት (ሻርፕ 9)፣ ሲ ሻርፕ (ሻርፕ 11)፣ ኢ ፍላት (ፍላት 13)፣ ኢ (13)። እያንዳንዱን ዘምሩት። ከዚያ ተራቸውን አዘበራርቃችሁ በስልክ ቅዱና ተራውን ከረሳችሁት በኋላ መልሳችሁ አዳምጡ። ሻርፕ 9ና ፍላት 13 በመጀመሪያ ይምታታሉ፤ ሁለቱ ጨለም ያሉ ናቸውና። መለያው ሻርፕ 9 ከታች ካለው ቢ ጋር መፋጨቱ ነው፤ ፍላት 13 ያን ያህል አይሻክርም።

በልምምድ ወቅት ፔዳሉን አንሡት። የተጠራቀመ ድምፅ ጣት ያልያዘውን ኖታ ያስቀጥልና ያልተሳሰረውን ያሳሰረ ያስመስላል፤ ጆሮም የትኛው ኖታ አሁን እንደተመታ መለየት ያቅተዋል። ሜትሮኖሙን ምት ሁለትና አራት ላይ አድርጉት፤ አንድና ሦስትን እናንተ ቁጠሩ። ቮይሲንጉ እጅ ከገባ በኋላ ምት አንድ ላይና ከምት ሁለት በኋላ ባለው ግማሽ ምት ላይ አጠር አድርጋችሁ ምቱት፤ ተመሳሳይ ኮርድ ረዝሞ ሲያዝ የሚከብደው አጥሮ ሲመታ ይቀልላል።

ያወጣችሁትን ለማረጋገጥ ከቅጂው ጋር እኩል ድምፅ አድርጋችሁ አብራችሁ ተጫወቱ፤ ቀስ ባለው ሳይሆን በትክክለኛው ፍጥነት። ልክ ከሆነ የእናንተ ፒያኖ በቅጂው ውስጥ ይጠፋል። አንድ ኖታ ከሳተ ጎልቶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ቤዙን፣ ቀጥሎ 3ኛውን፣ ቀጥሎ 7ኛውን፣ መጨረሻ ላይ 9ኛውን ወይም 13ኛውን በየተራ እያነሣችሁ ተጫወቱ። ሲነሣ ድምፁ የጠራለት ኖታ የተሳሳተው እሱ ነው፤ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ካልሆነ ወደ ታች ሞክሩት።